የሠላሳ አንደኛው ቤት አባወራ

ለመሆኑ አንተ አንባቢ፣ የስድስት ዓመት ድካምህን በራሱ ስም ካሳተመ ሰው ፊት ቀርበህ፣ ጥርስህን ገልጠህ፣ እጁን ጨብጠህ «እንተዋወቅ» ለማለት ስንት ቀን ልምምድ ይበቃሃል? ልክነሽ የተሰጣት አራት ቀን ነበር።

ጥሪው የደረሳት ማክሰኞ ጠዋት ካምባ ላይ፣ ከወረዳው የዘር መጋዘን በር ቆማ የገብስ ዘር ስታስወርድ ነው። በቴሌግራም የተላከ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ የተቀባ ጥሪ፤ «የግብርና ባለሙያዎች የትውውቅና የትስስር መድረክ» ይላል። ቅዳሜ፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ። ተሳታፊው ሁሉ ራሱን በአንድ ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ቢዝነስ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ አብሮት የሠራ አርሶ አደር ካለም በእንግድነት ማምጣት ይችላል። ከጽሑፉ ሥር የዕለቱ የክብር እንግዳ ፎቶ ተለጥፏል። ክራባት አስሮ፣ አገጩን በሁለት ጣቶቹ ደግፎ፣ ሩቅ የሚያይ ሰው። ዶክተር ክብሩ።

ልክነሽ ስልኳን ኪሷ ከተተች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግን ያንን ፎቶ ሰባት ጊዜ አውጥታ አየችው።

ክብሩ ዶክተር ከመባሉ በፊት በአንድ የእንሰት ፕሮጀክት ውስጥ የእሷ አለቃ ነበር። ፕሮጀክቱ የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። እንሰትን ከልቡ ጀምሮ የሚያጠወልገው በሽታ የአንዱን ጓሮ ባዶ ሲያስቀር የጎረቤቱን ለምን ያልፈዋል? ልክነሽ በካምባ ደጋ የአርባ ሦስት ቤት ጓሮ መረጠችና ስድስት ዓመት በእግሯ ዞረች። የትኛው ዝርያ እንደሞተ፣ የትኛው እንደተረፈ፣ ሴቶቹ አንዱን ተክል ቆርጠው ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቢላዋቸውን እሳት ላይ ያሳልፉ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ሁሉንም በሰባት ደብተር ጻፈች። ክብሩ በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ደጋው የወጣው ሁለት ቀን ነው። አንዱን ቀን ዝናብ ከመንገድ መልሶታል።

ሪፖርቱን ካስረከበች ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የክብሩ ስም ብቻ። ሠንጠረዡ የእሷ፣ ፎቶው የእሷ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳይቀር የእሷ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ለመስክ ሠራተኞች ምስጋና ይድረስ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። መስክ ሠራተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? እንደ ጭቃ ጫማ ከበር ውጭ የሚወልቅ ሰው ማለት ነው። ክብሩ በዚያ መጽሐፍ ማዕረግ አገኘበት፣ መድረክ አገኘበት፣ አገጭ መደገፍ ለመደበት። እሷ ሦስት አቤቱታ ጻፈች። ለመጀመሪያው «መረጃው የፕሮጀክቱ የጋራ ንብረት ነው» ተባለች። ለሁለተኛው መልስ የሰጣት የለም። ሦስተኛው ከዘር መጋዘን ጋር አስተዋወቃት፤ ተዛወረች።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። በዚህ አገር የሌባ ዘበኛ ይሉኝታ ነው። ሰራቂው ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ የሚያፍረው የተሰረቀው ነው። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ሆድም የስንቱን ሥራ፣ የስንቱን ስም ፈጅቶ ጨረሰ። ልክነሽ አራት ዓመት በሆዷ ይዛዋለች። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ «ይቅር እንድል እርዳኝ» ብላ ለምናለች፤ አሜን ስትል ግን አፏ እንጂ ሆዷ አሜን አላለም። ማክሰኞ ዕለት ፎቶው ላይ አገጭ የደገፉትን ሁለት ጣቶች ካየች በኋላ ግን አልቻለችም። ፈቃድ ጠየቀች፣ ሰባቱን ደብተሮች በቦርሳ ከተተች፣ ረቡዕ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች።

ያረፈችው ሲቀላ ሰፈር፣ ረይሐና ቤት ነው። ረይሐና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። አባቷ ከስልጤ መጥተው ያቋቋሙትን የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ መደብር አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ልክነሽ ለባለሙያዎች መድረክ የሚሆን ልብስ እንደምትፈልግ ስትነግራት ደስ አላት። ጓደኛዋ በመጨረሻ ከመጋዘን ልትወጣ፣ የተሻለ ሥራ ልታፈላልግ የመጣች መሰላት። አዲስ የእንሰት ፕሮጀክት ባለሙያ እየፈለገ እንደሆነ፣ ቀጣሪዎቹም ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ እንደሚገኙ ከደንበኞቿ ሰምታለች። ሰማያዊ ኮት አወረደች፣ ቡናማ አወረደች፣ ሁሉንም ትከሻዋ ላይ እየለካች መስታወቱ ፊት አቆመቻት። ልክነሽ ጥቁሩን መረጠች።

«ልኬ፣ ይሄ ለቅሶ ቤት የሚኬድበት ነው» አለች ረይሐና።

«ለቅሶ ነው እኮ የምሄደው።»

«የማን?»

«የክብሩ።»

ረይሐና የያዘችውን ኮት መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወንበር ሳበች። ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ ግን ኮቱንም ሥራውንም ረሳችው። ንግድ ውስጥ ያደገ ሰው የተሰረቀ ዕቃ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ሁለቱ ተቀምጠው ዕቅድ አወጡ። የደብተሩን ገጽ በግራ፣ የመጽሐፉን ገጽ በቀኝ አድርገው በአንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያስነሳሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዳ ሳይገባ፣ እያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣሉ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ አንብቦ፣ ቀና ብሎ የክብር እንግዳውን ያየዋል። ረይሐና ይህ አልበቃትም፤ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይም እንዲለጠፍ ሐሳብ አቀረበች።

«እዚያ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚያነበው» አለች።

ልክነሽ ከአራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ መቶ ሃያ ወረቀት መደብሩ ባንኮኒ ላይ ተቆልሎ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆማ እጅ መጨበጥ ተለማመደች፤ ረይሐና ክብሩን እየሆነች አገጯን ደግፋ ትቀበላታለች። ስትጨብጥ ፈገግታዋ ከከንፈሯ አልፎ ዓይኗ እንዲደርስ። ወታደር መሣሪያውን እንደሚወለውል ፈገግታዋን ወለወለችው።

በዚህ መሐል አባ ኤርጫፎ ከተፍ አሉ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዓይናቸውን ሊታዩ ከደጋ ወርደዋል፤ እንደ ካምባ ሰው ሁሉ ዕቃቸውን ረይሐና መደብር ሊያስቀምጡ ነው የገቡት። በአገራቸው የጋሞ ሸንጎ በሆነው በዱቡሻ ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የወረቀቱን ቁልል አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልክነሽ ነገረቻቸው፤ ነገሩን ሳይሆን ድሉን ነበር የምታወራው። እስክትጨርስ አዳመጧት፤ ከዚያ ሰው ወረቀቱን ሲያነብ እሷ የት እንደምትሆን ጠየቋት። ከኋላ ቆሜ አያለሁ አለች።

«እንግዲያው አንቺም የእሱን ነው የምታደርጊው» አሉ ሽማግሌው። «እሱ አንቺ በሌለሽበት ወሰደ። አንቺም ፊትሽን ደብቀሽ ልትወስጂ ነው።»

ልክነሽ ተናደደች። እርቅ ለመስማት እንዳልመጣች፣ ሰውየው እንዲነድ እንጂ እንዲመከር እንደማትፈልግ ቁርጡን ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ዱቡሻ እርቅ ብቻ መሰለሽ፣ ልጄ? መጀመሪያ ሰውየው ይነዳል። እርቁ አመዱ ላይ ነው።»

ከዚያ ወጉን ነገሯት። ተከሳሽ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ሳይሰማ የተጠራ ሰው «ደፈጣ ነው» ብሎ ያመልጣል። ጠያቂ ቆሞ ይናገራል፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ ይቀመጣል። ሃያ ነገር የጠየቀ ሰው ለሌባ ሃያ በር ከፈተለት። ከሁሉ በፊት ግን ጠያቂው በዚያው ነገር ውስጥ የራሱ ጥፋት ካለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እሱን ይናገራል። ጥፋቱን ሸሽጎ ጣቱን የቀሰረ ሰው ጎሜ አለበት፤ ነውሩ ዞሮ በራሱ ላይ ያርፋል፤ ዱቡሻም አይሰማውም። ይህን ብለው ቀና አሉና በዚህ ነገር ውስጥ የእሷ ጥፋት ምን እንደሆነ ጠየቋት።

ልክነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ጥፋት ነበራት፤ ለማንም ነግራ አታውቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ቤት ስትመዘግብ፣ አብራት የምትዞር ልጅ ከላይኛው ጓሮ የአንዲት ሴት ስም «ማሚቱ» ብላ ጻፈች፤ አሥራ ሰባተኛ ቤት። ልክነሽ ራሷ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከታች፣ ወንዙ ዳር ካለ ሌላ ጓሮ «የኢየሩስ እናት» የምትባል ሴት መዘገበች፤ ሠላሳ አንደኛ ቤት። ደጋው ላይ የወለደች ሴት በስሟ አትጠራም፤ በበኩር ልጇ ነው የምትጠራው። ማሚቱና የኢየሩስ እናት አንዲት ሴት ናቸው። አንዱ ጓሮ የባሏ ነው፣ ሌላው የአባቷ። የዚያ አገር ልጅ ሆና ይህ እንዴት አመለጣት? አመለጣት። በየዓመቱ ሲዞሩ ላይኛውን ልጅቷ፣ ታችኛውን እሷ ስለሚጎበኙ ስድስት ዓመት ሳይታወቅ ቆየ። ያወቀችው ሪፖርቱን ካስረከበች በኋላ ነው፤ ማሚቱ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ሁለት ሴት ካደረግሽኝ የሁለት ሴት ምሳ አምጪ» ያለቻት ዕለት። ልታርም ስትሮጥ መጽሐፉ ታትሞ ጠበቃት።

መጽሐፉ ውስጥም አርባ ሦስት ቤት አለ። ሌባው ስህተቷንም ሳይቀር ተሸክሞ ሄዷል። ሄዶም አላበቃም፤ ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ቅመም ጨምሮበታል። «ከሠላሳ አንደኛው ቤት አባወራ፣ በዕድሜ ከገፉ አባት ጋር፣ በእንሰታቸው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳወጋ» ይላል። ቤቱ የለም። አባወራ የሚባል ሰው የለም። የማሚቱ ባልም አባትም ጥናቱ ሳይጀመር ሞተዋል። ልክነሽ ሦስቱንም አቤቱታ ስትጽፍ ይህን ገጽ ዘላዋለች። ሰውየውን መፈናፈኛ የሚያሳጣው ማስረጃ ይሄ አንዱ ነበር፤ ግን እሱን ለማውጣት የራሷን ስህተት ማውጣት ነበረባት። «አንዲትን ሴት ሁለት ብላ የቆጠረች ባለሙያ» መባልን ፈራች። ይሉኝታ ያልኩህ ይሄን ነው።

ይህን ሁሉ ስትናገር ረይሐና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሽማግሌው ወደ ዓይን ሐኪማቸው ከሄዱ በኋላ ምክሯን አዘነበችው። ቀጣሪዎቹ በተቀመጡበት አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ የራሱን መልካም ነገር ብቻ በሚደረድርበት ደቂቃ፣ ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት እብደት ነው አለች። ነጋዴ የተቀደደውን ጨርቅ ከላይ አድርጎ አይዘረጋም። ወረቀቱ ይበተን፣ ሰውየው ይዋረድ፣ ልክነሽ ሥራዋን ይዛ ትውጣ። ነገሩ ልክ ነበር። ልክነሽ ግን የመቶ ሃያውን ወረቀት ቁልል ስታየው ቅድም እንዳሳቃት አላሳቃትም። ክብሩ ለዚያ ወረቀት መልስ አለው፤ «የጋራ ንብረት» የሚል። ለሠላሳ አንደኛው ቤት ግን መልስ የለውም። በወረቀቱ ይቆስላል፤ በዚህኛው ግን አይነሳም።

ዓርብ ጠዋት መልእክት ላከችለት። «ነገ በመድረኩ ላይ ስለ ሠላሳ አንደኛው ቤት እጠይቅዎታለሁ። ተዘጋጅተው ይምጡ።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ደወለ። ድምፁ ማር ነው። ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ካምባ መንገድ ጠየቀ። መጋዘን ውስጥ መቀመጧ ሁልጊዜ እንደሚቆጨው ነገራት። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ስሟ በምስጋናው ገጽ በጉልህ እንደሚጻፍ፣ አዲሱ ፕሮጀክትም አስተባባሪ እንደሚፈልግ፣ ቢሮው እዚሁ ሴቻ እንደሆነ፣ የእሱ ቃል እንደሚበቃ አከለበት። ረይሐና ከባንኮኒው ማዶ ሆና በከንፈሯ ብቻ «ተቀበይ» ትላለች። ልክነሽም፣ አልዋሽህም፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ያንን ቢሮ በዓይነ ህሊናዋ አየችው፤ መስኮት ያለው፣ ከሐይቆቹ በላይ፣ ስሟ በሩ ላይ። ክብሩ ይህን ጊዜ አፉን ባይከፍት ኖሮ ማን ያውቃል።

«በነገራችን ላይ» አለ፣ «የቱ ሠላሳ አንደኛ ቤት ነው የምትይው?»

ረስቶታል። ስሟን ፍቆ፣ ሴቲቱን ወንድ አድርጎ፣ ያልተቀመጠበት ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከዚያ ረሳው። ልክነሽ አራት ዓመት እንቅልፍ ያጣችበትን ውሸት እሱ እንደ ምሳ ረስቶታል።

«መጽሐፍዎን ያንብቡ» አለች። «ገጽ ሰማንያ አራት።» ስልኩን ዘጋችው።

ወዲያው ሌላ ቁጥር ደወለች። ከሰዓት በኋላ ማሚቱ ከካምባ አውቶቡስ ወረደች፤ ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት። ረይሐና ተሸንፋ ልብስ ልታለብሳት ተነሳች። ማሚቱ ጨርቅ ሁሉ እያሻሸች ዋጋውን ጠየቀች፣ በሁሉም ሳቀች፣ በመጨረሻ አንድ የአንገት ልብስ ብቻ ተቀበለች። ገጽ ሰማንያ አራት ሲነበብላት ግን ሳቋ ቆመ።

«ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ» አለች። «ማነው ጓሮዬ ገብቶ ሽማግሌ የሆነው? ካገኘው ያምጣልኝ፤ አጥሬ ፈርሷል፣ ያጥርልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልክነሽና ማሚቱ በሚኒባስ ሴቻ ወጡ። ወረቀቶቹ ባንኮኒው ላይ ቀሩ፤ ረይሐና ዕቃ ትጠቀልልባቸዋለች። አዳራሹ ሞልቷል። ሰው ካርዱን እንደ እንጀራ ቁራሽ ይጎራረሳል፤ ሁሉም ፈገግ ይላል፤ ሁሉም «አብረን እንሠራለን» ይላል። ክብሩ ከበር ጀምሮ እየጨበጠ መጣ። ልክነሽ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጨበጠችው። ፈገግታዋም ዓይኗ ደረሰ፤ ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነ የገባው መሰለኝ፣ እጁን ቶሎ ነው የሳበው። ማሚቱን አልጨበጣትም። አላወቃትም፤ ከየት ያውቃታል?

የአንድ ደቂቃው ትውውቅ ተጀመረ። ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ መድረክ መሪዋ ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ ትንሽ ደወል ትመታለች። አንዱ የሙዝ ችግኙን፣ ሌላው የዓሣ ገንዳውን፣ ሦስተኛው ገና ያልጀመረውን ድርጅት አስተዋወቀ። ማይኩ ልክነሽ እጅ ገባ። ቆመች።

«ልክነሽ እባላለሁ፤ ካምባ ዘር መጋዘን ነው የምሠራው። ከራሴ በፊት ጥፋቴን አስተዋውቃለሁ። በካምባ ደጋ ስድስት ዓመት ያጠናሁት የእንሰት ጥናት ውስጥ አንዲትን ሴት ሁለት ጊዜ መዝግቤያለሁ። አሥራ ሰባተኛው ቤትና ሠላሳ አንደኛው ቤት አንድ ናቸው። አርባ ሦስት ያልኩት አርባ ሁለት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።»

ቀጣሪዎቹ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አንዱ ብዕሩን አስቀመጠ። አየችው። ሥራው ሲሄድ አየችው። ቀጠለች።

«ጥያቄዬ ለክብር እንግዳችን ነው። የእኔ ስህተት የእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ገባ? ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ከሠላሳ አንደኛው ቤት አባወራ ጋር ተቀምጠው እንዳወጉ ጽፈዋል። ቤቱ የለም። ያወጉት ከማን ጋር ነው?»

ደወሉ ተመታ። ተቀመጠች። ሃያ ነገር አፏ ላይ ነበር፤ ሃያውንም በጥርሷ ያዘች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ደገኛ ሁሉ፣ ዱቡሻ ላይ ሰው ቆሞ ሲጠየቅ እንደሚደረገው፣ ካርዱን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መድረክ መሪዋ ግራ ተጋብታ ወደ ቀጣዩ ተሳታፊ እንለፍ አለች። ቀጣይዋ ማሚቱ ነበረች።

ማሚቱ ማይኩን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና በሁለት እጇ ያዘችው።

«እኔ አሥራ ሰባተኛዋ ነኝ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሠላሳ አንደኛዋም እኔ። ወንድ አይደለሁም።»

ሳቅ ተነሳ፣ ወዲያው ጠፋ። ሁሉም ዞሮ ወደ ፊት ተመለከተ። ክብሩ አገጩን አልደገፈም፤ እጁ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ይፈልግ ነበር። ከዚያ በግማሽ ተነስቶ፣ በዚያ በማር ድምፁ፣ በመስክ መረጃ ላይ ትንንሽ ክፍተቶች የተለመዱ መሆናቸውን፣ እህታችን ላነሳችው ሐሳብ አክብሮት እንዳለው፣ መርሐ ግብሩ እንዳይስተጓጎል ግን በሻይ ሰዓት ለብቻ ቁጭ ብለው እንደሚነጋገሩበት ተናገረ። ለመቀመጥ ኮቱን ሰበሰበ።

ልክነሽ ቆመች። ማይክ አልያዘችም፤ አላስፈለጋትም።

«የሻይ ሰዓት አንጠብቅም፣ ክብሩ። ገጽ ሰማንያ አራትን ለብቻችን አልጻፍከውም፤ ለሰው ሁሉ ነው የጻፍከው። አትቀመጥ። ሴትዮዋ እዚህ ናት፣ እኔም እዚህ ነኝ። ያ ሽማግሌ ማን እንደሆነ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ አሁን መልስ።»